ከአጭር ጊዜ የሚሲዮን ጉዞ መልስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። ከቤተ ክርስቲያናችን ከተውጣጣ ቡድን ጋር ለአጭር ጊዜ የወንጌል ተልእኮ ወደ ውጭ አገር ሄጄ በቅርቡ ተመልሻለሁ። እዚያ ሳለን በአስተርጓሚ እየታገዝን ቤት ለቤት መሰከርን፣ የአንዲት ቤተ ክርስቲያን የልጆች ትምህርት ክፍል ቀለም ቀባን፣ በሕፃናት ማሳደጊያም ከልጆች ጋር ዘመርን፣ ተጫወትን። ደስ የሚል ጊዜ ነበር፤ ከተመለስሁ በኋላ ግን ልቤ አላረፈም። የቡድናችን መሪ በጉባኤ ፊት ምስክርነት እንድሰጥ ጠይቆኛል፤ የሚያገኙኝ ሰዎች ሁሉ ስንት ነፍሳት ጌታን እንደ ተቀበሉ ማወቅ ይፈልጋሉ። እጃቸውን ያነሡት ብዙ ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል የተናገርነውን በትክክል የተረዱት ምን ያህሉ እንደ ሆኑ ግን አላውቅም። አንድ የቅርብ ዘመዴ ደግሞ ለአውሮፕላን ትኬት የወጣው ገንዘብ ለዚያች ቤተ ክርስቲያን ቢላክ ይሻል እንደ ነበር ሲነግረኝ መልስ አጣሁለት። ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ በማሳደጊያው የነበረች አንዲት ሕፃን “ትመለሻለሽ?” ስትለኝ “አዎን” ማለቴ ነው። አሁን ቤተሰቤም ሥራዬም እንግዳ ሆነውብኛል። ጉዞው ከንቱ ነበር ማለት ነው? ወይስ ይህ ስሜት ጌታ ለሙሉ ጊዜ አገልግሎት እየጠራኝ እንደ ሆነ ያመለክታል?

ስሜ እንዲገለጽ ያልፈለግሁ አንባቢ

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ ጥያቄዎችሽ ብዙ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ነው። ጉዞው እንዳበቃ ስለ ቈጠርሽው አሁን የቀረሽ ነገር መፍረድ ብቻ መስሎሻል። እኔ ግን የአጭር ጊዜ ተልእኮ እኩሌታው የሚሠራው ከተመለሱ በኋላ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ፍሬያማ ነበር ወይም ከንቱ ነበር ለማለት ጊዜው ገና ነው፤ ፍርዱም ቢሆን በአብዛኛው የተቀበሉሽ ሰዎች እንጂ የአንቺ ወይም የዘመድሽ አይደለም።

ይህን ስል በልቤ ያለው የተሰሎንቄ ታሪክ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ጳውሎስ በዚያች ከተማ ምኵራብ በሦስት ሰንበታት ከመጻሕፍት እየጠቀሰ እንደ ተነጋገረ፣ ከዚያም ሁከት ተነሥቶ ኢያሶንና ሌሎች ወንድሞች በከተማው ሹማምንት ፊት እንደ ተጎተቱ፣ ጳውሎስና ሲላስም በሌሊት ወደ ቤርያ እንደ ተላኩ ይነግረናል። ቆይታው አጭር ነበር፤ የተቋረጠውም በችኮላ ነው። ነገር ግን ጳውሎስ ከዚያ በኋላ ያደረገውን ተመልከቺ። ፊታቸውን ለማየት ናፈቀ፤ አንድ ጊዜና ሁለት ጊዜ ሊመለስ ፈልጎ ሳይሳካለት ሲቀር፣ ብቻውን በአቴና መቅረትን መርጦ ጢሞቴዎስን ላከላቸው፤ ጢሞቴዎስ የእምነታቸውንና የፍቅራቸውን ወሬ ይዞ ከተመለሰ በኋላም ዛሬ በእጃችን ያለውን የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፈላቸው። ያ ጉብኝት ዘላቂ ፍሬ ያፈራው በናፍቆቱ፣ በመልእክተኛውና በደብዳቤው ጭምር ነው። ደግሞም ጳውሎስ ስለ ተሰሎንቄ ሰዎች ጽናት በደስታ የጻፈው እነርሱ ያሉበትን ሁኔታ በመልእክተኛው በኩል ካረጋገጠ በኋላ መሆኑን ልብ በዪ።

አንቺ የተካፈልሽበት ዓይነት አገልግሎት ወጣቶችን በብዛት ማሰማራት የጀመረው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። ጆርጅ ቨርወር የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1957 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጻሕፍት ይዞ ወደ ሜክሲኮ ተጓዘ፤ ከዚያ ጉዞም ኦፕሬሽን ሞቢላይዜሽን የተባለው ድርጅት አደገ። ሎረን ከኒንግሃም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 “ወጣቶች ለተልእኮ” የተባለውን እንቅስቃሴ መሠረተ። እንቅስቃሴው እየሰፋ ሲሄድ ላኪ ድርጅቶችም ከስሕተታቸው ተምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የተዘጋጀው የአጭር ጊዜ ሚሲዮን የሥራ መመዘኛ ከሰባቱ ነጥቦቹ አንዱን ከጉዞው በኋላ ለሚደረገው ክትትል ሰጥቶታል። አሳዛኙ ነገር አብያተ ክርስቲያናት ለዝግጅቱ ወራት መድበው ለመመለሱ የአንድ እሑድ ዐሥር ደቂቃ ብቻ መስጠታቸው ነው። የአንቺም ጭንቀት ከፊሉ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል፤ ያየሽውን ሁሉ በዐሥር ደቂቃ ጨርሰሽ እንድታወጪው ተጠይቀሻልና።

እንግዲህ ስለ ምስክርነቱ ልናገር። ጳውሎስና በርናባስ ከመጀመሪያው ጉዟቸው ወደ አንጾኪያ ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኒቱን ሰብስበው የተናገሩት፣ እግዚአብሔር ከእነርሱ ጋር ሆኖ ያደረገውን ሁሉና ለአሕዛብ የእምነትን ደጅ እንደ ከፈተላቸው ነበር። ሉቃስ በዚያ ስፍራ አንድም ቁጥር አላሰፈረም፤ ይኸው ጸሐፊ ግን በበዓለ ኀምሳ ሦስት ሺህ ያህል ነፍስ እንደ ተጨመረ ጽፎልናል። ቁጥር መናገር ነውር አይደለም፤ ነውሩ የማያውቁትን ቁጥር መናገር ነው። እጃቸውን ያነሡ ሰዎች እንደ ነበሩ አይተሻል፤ እንዲሁ ተናገሪ። ከዚያ በላይ ያለውን፣ ማለትም ማን በእምነት እንደ ጸና፣ ማን ከአማኞች ኅብረት ጋር እንደ ተቀላቀለ ልታውቂ የምትችዪው ከአገሩ መጋቢ ጠይቀሽ ነው። እንግዳን ላለማሳፈር እሺ ማለት ጨዋነት የሆነበት ማኅበረሰብ ብዙ ስለሆነ፣ በአስተርጓሚ የተደረገ የአንድ ቀን ጥሪን ውጤት እንደ ተረጋገጠ ነገር ማቅረብ ለሰዎቹም ለእውነትም ክብር አይሰጥም። አንዳንድ ቡድኖች ገና ሳይሄዱ የነፍሳት ቁጥር በዕቅድ ማስቀመጣቸውን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ እንዲህ ያለ ዕቅድ ተጓዡን ወደ ማጋነን፣ ተቀባዩን ደግሞ ወደ ማስመሰል ይገፋል። ሚሲዮናዊው ዊሊያም ኬሪ ሕንድ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1793 ሲሆን ክሪሽና ፓልን፣ በአገልግሎቱ ያመነውን የመጀመሪያውን ሕንዳዊ፣ ያጠመቀው በ1800 መጨረሻ ላይ ነው። አዶኒራም ጀድሰንም በ1813 በርማ ደርሶ የመጀመሪያውን በርማዊ አማኝ እስኪያጠምቅ ስድስት ዓመት ያህል ጠብቋል። እነዚህ ሰዎች በሁለተኛው ዓመታቸው “ስንት ነፍሳት?” ተብለው ቢጠየቁ መልሳቸው “አንድም” ይሆን ነበር።

በምስክርነትሽ ውስጥ የአገሩ አማኞች እንዴት ሆነው እንደሚታዩም ተጠንቀቂ። “ምንም የላቸውም፣ ግን ደስተኞች ናቸው” የሚለው ንግግር በየመድረኩ ሲደጋገም እንሰማለን፤ ተናጋሪው በፍቅር ቢለውም የሰዎቹን ችግር ያቃልላል፣ ሐዘናቸውንም ይደብቃል፤ በእንግዳ ፊት ፈገግ ያለ ሰው ሁሉ ችግሩን የረሳ አይደለም። አንቺ ከመሄድሽ በፊት ለዓመታት ያገለገለውን፣ አንቺ ከተመለስሽም በኋላ የመሰከራችሁላቸውን ደቀ መዝሙር የሚያደርገውን መጋቢ፣ ቃልሽን ቃል በቃል የተሸከመችልሽን አስተርጓሚ፣ ምግብ ያዘጋጁላችሁን እናቶች አንሺ። የሚቻል ከሆነ ጽሑፍሽን ከጉባኤው በፊት ለዚያ መጋቢ ልከሽ እንዲያርመው ጠይቂው፤ እርሱ በፊትሽ ተቀምጦ ቢሰማ የማትናገሪውን ነገር በሌለበት አትናገሪው። የልጆችን ፊት የሚያሳዩ ፎቶዎችን ያለ አሳዳጊዎቻቸው ፈቃድ በስክሪን ላይ አታሳዪ፣ በማኅበራዊ ሚዲያም አታውጪ። ከነዓንን በ40 ቀን ሰልለው የተመለሱት ዐሥራ ሁለቱ ሰዎች ያዩት አንድ ምድር ነበር፤ ሕዝቡን በምድረ በዳ ያስቀረው ግን የዐሥሩ አነጋገር ነው። ወሬ ይዞ መመለስ ቀላል ኃላፊነት አይደለም።

ደስታሽን ግን አትደብቂ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ሰባው ደቀ መዛሙርት ደስ ብሏቸው ሲመለሱ ጌታ ደስታቸውን አልነቀፈም፤ ይልቅስ አጋንንት ስለ ተገዙላቸው ሳይሆን ስማቸው በሰማይ ስለ ተጻፈ ደስ እንዲላቸው ነገራቸው። የደስታሽ መሠረት የሥራሽ ውጤት ካልሆነ፣ ውጤቱን በእውነት ለመመርመር አትፈሪም።

ወደ ገንዘቡ ጥያቄ ስመጣ፣ የዘመድሽ ንግግር በቀላሉ የሚታለፍ ነቀፋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ካወደመ በኋላ ከሰሜን አሜሪካ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ቡድኖች ሄደው ቤት ሠርተዋል። ይህን ያጠናው ኩርት ቨር ቢክ የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጽሑፉ፣ አንድ ቡድን የአውሮፕላን ትኬትን ጨምሮ ለአንድ ቤት 30,000 ዶላር ገደማ ሲያወጣ፣ በአገሩ ያለው ክርስቲያናዊ ድርጅት ግን ቤቱን በ2,000 ዶላር ገደማ ይሠራው እንደ ነበር አሳይቷል። ቤታቸውን የውጭ እንግዶች በሠሩላቸውና የአገር ልጆች በሠሩላቸው ቤተሰቦች ሕይወት መካከል የጎላ ልዩነት አላገኘም። ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ስለ ተጓዦቹ ያገኘው ነው፤ በልግስናቸው እንደ ተለወጡ የተናገሩ ብዙዎች ቢሆኑም የስጦታ መዝገቡ ያን ያህል ለውጥ አላሳየም።

ስለዚህ ዓላማችሁ ቀለም መቀባት ከነበረ ዘመድሽ ትክክል ነው። ያን ሥራ የአገሩ ቀለም ቀቢ ከእናንተ በተሻለና ባነሰ ዋጋ ሊሠራው፣ ቤተሰቡንም ሊያስተዳድርበት ይችል ነበር፤ ለወደፊቱ ቡድኖች ይህን መናገር የአንቺ ድርሻ ነው። ነገር ግን ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሊሄድ የናፈቀበትን ምክንያት ሲገልጽ፣ በእርሱና በእነርሱ እምነት አብረው እንዲጽናኑ መሆኑን ይናገራል። እንዲህ ያለው መጽናናት በባንክ አይላክም፤ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ሊጸልዩ፣ ተራ በተራ ሊደማመጡ ይገባል። ለዚህ ሲባል የወጣ ገንዘብ ባከነ አልልም፤ ያገኛችሁት ኅብረት ከአውሮፕላን ማረፊያው ካልተሻገረ ግን የዘመድሽን ጥያቄ የምትመልሺበት ነገር አይኖርሽም። ለጉዞሽ ገንዘብ የሰጡሽ ሰዎች ካሉም ገንዘቡ በምን በምን ላይ እንደ ዋለ፣ ምን እንደ ተሳካና ምን እንዳልተሳካ ዘርዝረሽ ጻፊላቸው። ጳውሎስ የአብያተ ክርስቲያናትን ስጦታ ሲያደርስ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እንደሚያስብ የተናገረው በዚህ ጉዳይ ነው።

አሁን ስለ ሕፃኗ። ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው፤ የሌሎቹ ጉዳት ቢኖር የሚደርሰው በአዋቂዎች ላይ ነውና። በማሳደጊያ የሚኖሩ ልጆች ሊያቅፋቸው የመጣውን እንግዳ ሁሉ ወዲያው ሲጣበቁ እናያለን፤ ብዙዎቻችን ይህን እንደ ፍቅር ምልክት እንቈጥረዋለን። የልጆችን እድገት የሚያጠኑ ባለሙያዎች ግን ማንንም ሳይለዩ ወደ እንግዳ መሮጥ፣ ቋሚ አሳዳጊ ያጣ ልጅ የሚያሳየው የጉድለት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያስረዳሉ። እየተፈራረቁ የሚመጡ ጎብኚዎች የልጁን ልብ ከፍተው በሄዱ ቁጥር መለየትን ደጋግሞ ይማራል። ከዚህም በላይ በብዙ አገሮች በማሳደጊያ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ያላቸው ሲሆኑ፣ ከቤታቸው የለያቸው ድህነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ሕፃናት መብት ባሳለፈው ውሳኔ፣ በማሳደጊያዎች የሚደረጉ የበጎ ፈቃድ ጉብኝቶች የሚያስከትሉትን ጉዳት መንግሥታት እንዲከላከሉ መጠየቁ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን የምነግርሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ ልጅ ዓይንሽን እያየች ስትጠይቅሽ “አላውቅም” ማለት እጅግ ይከብዳል። ነገር ግን ቃልሽ ከአንቺ ይልቅ በእርሷ ዘንድ ረጅም ዕድሜ ሊኖረው ይችላልና ዝም ብለሽ አትለፊው።

ልትመለሺ የምትችዪ መሆንሽን እርግጠኛ ካልሆንሽ፣ ለማሳደጊያው ኃላፊና በየቀኑ ለምትንከባከባት ሴት ጽፈሽ የተናገርሽውን ንገሪያቸው፤ ለልጅቷ ምን እንደሚባል እነርሱ ይወስኑ። በግልሽ ስጦታ አትላኪ፤ አንድ ልጅ ተለይቶ ሲሰጠው በቀሩት ዘንድ ቅሬታ ይነሣል፣ ተስፋውም ይታደሳል። ከዚያ ይልቅ ልጅቷ ዘመድ እንዳላት፣ ወደ ቤተሰብ የምትመለስበት መንገድ እንዳለ በትሕትና ጠይቂ። ድጋፍ ማድረግ ከቻልሽ ልጆች ከቤታቸው እንዳይለዩ ቤተሰብን ለሚረዳ ሥራ ይሁን። ጸሎትሽን ግን ማንም አይከለክልሽም፤ በስሟ ጸልዪላት።

ቤትና ሥራ እንግዳ ሆነውብኛል ላልሽው፣ ይህ ከመንፈሳዊ ጉዳይ አስቀድሞ የተለመደ ሰብዓዊ ነገር ነው። ጉላሆርን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 እንደ ጻፉት፣ ከውጭ አገር የሚመለስ ሰው ወደ ሌላ ባህል ሲገባ ያጋጠመው ዓይነት መናወጥ በገዛ አገሩ ዳግመኛ ያጋጥመዋል። ዕረፍት ውሰጂ፤ ጌታም ሐዋርያቱ ተልከው ከተመለሱ በኋላ ያደረጉትን ሁሉ ሲነግሩት ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ብለው ጥቂት እንዲያርፉ ነግሯቸዋል። ቤተሰብሽ ያላዩትን ባለመረዳታቸው አትዘኚባቸው፤ እነርሱ በዚያ ሰሞን ያሳለፉትንም ጠይቂያቸው።

ጥሪን በተመለከተ በዚህ ስሜት ላይ ተመሥርተሽ ሥራሽን እንድትለቅቂ አልመክርሽም፤ ስሜቱንም እንድታፍኚው አልፈልግም። ጳውሎስና በርናባስ ከአንጾኪያ ከመላካቸው በፊት በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዓመት ሙሉ ሕዝብን አስተምረው ነበር፤ የመንፈስ ቅዱስ ድምፅም የመጣው ጉባኤው ሲያመልክና ሲጾም ነው። አንቺም አሁን ባለሽበት በአንድ ቋሚ አገልግሎት ግቢ፤ በአካባቢሽ ላሉ መጻተኞችና ስደተኞች ያለሽን ዝንባሌ ፈትሺ፤ የዚያን አገር ቋንቋ መማር ጀምሪ፤ ሽማግሌዎችሽንም ከአንቺ ጋር እንዲጸልዩ ጠይቂ። ቋንቋ መማር አድካሚና ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ ነውና፣ ከወራት በኋላም በእርሱ ላይ ከጸናሽ ለሽማግሌዎችሽ ጠንካራ ማስረጃ ይሆንልሻል።

ጥያቄ፦ ይህ ከተቀባዩ ወገን የቀረበ ነው። እኔ ሽማግሌ ሆኜ የማገለግልባት ቤተ ክርስቲያን በየጊዜው ከውጭ የሚመጡ ቡድኖችን ታስተናግዳለች። ወንድሞቻችንን እንወዳቸዋለን፤ ነገር ግን መርሐ ግብሩን አስቀድመው ወስነው ይመጣሉ፣ እኛም የራሳችንን አገልግሎት አቋርጠን እንከተላቸዋለን። እምቢ ብንል እርዳታው ይቀራል ብለን እንፈራለን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የተከበሩ ወንድሜ፣ ጳውሎስ በራእይ ያየው የመቄዶንያ ሰው “ተሻገርና እርዳን” ብሎ ሲለምን ነበር፤ ልመናው ከተቀባዩ ወገን መጣ። እናንተም የምትፈልጉትን የመጠየቅ መብት ብቻ ሳይሆን ኃላፊነትም አለባችሁ፤ ብዙ ቡድኖች የሚሳሳቱት ማንም ስላልነገራቸው ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስባችሁ የቤተ ክርስቲያናችሁን የዓመት ዕቅድ በጽሑፍ አዘጋጁ፤ ቡድኑ በየትኛው ወር፣ በምን ያህል ሰው፣ በየትኛው ሥራ፣ በማን መሪነት ሊያገለግል እንደሚችል ግለጹ። ሰው አንሶ ቆይታው ቢረዝም እንደምትመርጡ ያለ ፍርሃት ጻፉ። የማስተናገጃውን ወጪ፣ የአስተርጓሚዎችን የሥራ ቀን ጭምር፣ አስልታችሁ አቅርቡ፤ እስከ አሁን ይህን ዋጋ በዝምታ የከፈለችው የእናንተ ጉባኤ ናት።

እርዳታውን በሚመለከት፣ ድጋፉ ከጉብኝቱ ተለይቶ በራሱ ስምምነት እንዲያዝ ሐሳብ አቅርቡ። ይህን ስትሉ የሚቀር ድጋፍ ቢኖር መጥፋቱ ሊያሳዝን ይችላል፤ ነገር ግን ሰው ለመጎብኘት ብሎ የሚሰጠው ገንዘብ የቤተ ክርስቲያንን አገልግሎት ቀን መወሰን የለበትም የሚል ጽኑ አቋም አለኝ። ደብዳቤውን አንድ ቡድን በተሰናበተ ሰሞን፣ ለመጡበት ፍቅር ከልብ አመስግናችሁ፣ የሚቀጥለው ቡድን ትኬት ሳይቆርጥ ላኩት። በአንድ ሰው ላይ ቂም እንዳይያዝም ሁላችሁም ሽማግሌዎች ፈርሙበት።